መልስ፦ በምልክት የተሞላ ካርታ ለሚሰለቸው የቱ ጌም ይሻላል?

ካርታው በምልክት ሲጥለቀለቅ ይሰለቸኛል፣ ከዊቸር 3 እና ከዜልዳ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ በየቱ ልጀምር ብለሃል። በዜልዳ ጀምር። በ2017 የወጣ ነው፣ ግን አሁንም አላረጀም። ምልክት አይደረድርልህም። ግንብ ላይ ትወጣለህ፣ ዙሪያውን ታያለህ፣ ዓይንህ የገባው ቦታ ላይ ራስህ ምልክት ታደርጋለህ። ዝናብ ከጣለ ገደሉ ያንሸራትትሃል፣ መብረቅ ከመጣ ደግሞ የብረት ሰይፍና ጋሻህን ቶሎ ካላወለቅክ አንተኑ ይመታሃል፤ እኔን የማረከኝ ይሄ ነው! መሣሪያው ቶሎ መሰበሩ ብዙዎችን ያናድዳል፣ እኔ ግን ወድጄዋለሁ፣ ያገኘኸውን ሁሉ እንድትሞክር ያስገድድሃል።

ዊቸር 3 በታሪክ ይበልጠዋል፣ እውነት ለመናገር። ስትደርስበት ግን ካርታው ላይ ያሉትን የጥያቄ ምልክቶች ሁሉ ልጨርስ አትበል። በተለይ ስኬሊጌ በሚባሉት የጌሙ ደሴቶች ዙሪያ ባሕር ላይ የተበተኑት የኮንትሮባንድ ሳጥኖች ጊዜህን ነው የሚበሉት፣ እለፋቸው።