ለ12 ልጆች የ4 ቀን የድርሰትና የሥዕል ልምምድ እንዴት ይዘጋጅ?

እህቴ፣ «ከ8 እስከ 11 ዓመት የሆኑ 12 ልጆች በክረምቱ እረፍት ታሪክ ጽፈው፣ ሥዕል ሥለው፣ በ4ኛው ቀን የራሳቸውን መጽሐፍ ይዘው እንዲሄዱ ምን ላዘጋጅ?» ላልሽው፦ በቀን 2 ሰዓት ይበቃሻል። ብቻሽን ግን አትጀምሪው፤ አንድ ረዳት የግድ ነው።

መጽሐፉ 8 ገጽ ይሁን። ሁለት ኤ4 ወረቀት ደራርበሽ መሃል ለመሃል ስታጥፊ 8 ገጽ ይወጣል፤ ለሽፋን አንድ ወፍራም ወረቀት ጨምሪበት። ወረቀቱ ሲዘረጋ 1ኛው ገጽ ከ8ኛው፣ 2ኛው ከ7ኛው ጎን ስለሚውል፣ ልጆቹ መጀመሪያ አጥፈው ጥግ ጥጉ ላይ ቁጥር ይጻፉ። ይህ ከተዘለለ የታሪኩ መጨረሻ መሃል ላይ ይገኛል። 80 ግራም በሚባለው ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ላይ ማርከር ወደ ጀርባ ያልፋል፤ የውሃ ቀለምማ ያሸበሽበዋል። ስለዚህ የቀለም እርሳስ ይሻላል።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ታሪኩን አጽፈን ስንጨርስ «በሉ አሁን ሥዕል ሣሉለት» ስንል ነው። ያኔ ሥዕሉ ጽሑፉን ከመድገም አያልፍም። በመጀመሪያው ቀን አንድ ወረቀት ላይ የክብሪት ቀፎ የሚያክሉ 8 ሳጥኖች ያስምሩ። በየሳጥኑ የ2 ደቂቃ ንድፍ፣ ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር። «የፈለጋችሁትን ጻፉ» አትበያቸው፤ የሰሙትን የአንበሳና የጦጣ ተረት ነው የሚያመጡልሽ። ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ማን ነው? ምን ይፈልጋል? ምን ከለከለው? ለምሳሌ ጀበና የሰበረ ልጅ እናቱ እንዳታውቅበት ይፈልጋል እንበል። ጽሑፉ «እማዬ፣ ምንም አልሆነም» ብቻ ይላል። ሥዕሉ ላይ ልጁ እጁን ወደኋላ አድርጎ ቆሟል፤ ከጀርባው የጀበናው እጀታ ብቅ ብሏል። አንባቢው ከእናትየው ቀድሞ አየ ማለት ነው። ልጆች ይህ አንዴ ከገባቸው ጽሑፋቸውን ራሳቸው ያሳጥሩታል።

በ2ኛው ቀን ባለታሪካቸውን ከፊት፣ ከጎንና ከጀርባ ሥለው የልብሱን ቀለም ይወስኑ፤ አለበለዚያ በየገጹ ሌላ ልጅ ይሆንባቸዋል። በ3ኛው ቀን ወደ መጽሐፉ ሲገለብጡ ጽሑፉ ይቅደም። ከታጠፈበት 1.5 ሴንቲ ሜትር ይተዉ፤ ከገጹ ግርጌ አንድ ሦስተኛውን በ1 ሴንቲ ሜትር ልዩነት በእርሳስ ያስምሩ። ሥዕሉ ከቀደመ ፊደሉ የሚያርፍበት ያጣና ጥግ ላይ ይጨናነቃል። የፊደል ግድፈት የሚታረመውም ከመገልበጡ በፊት ነው። ያውም በቀይ እስክሪብቶ አይደለም፤ ከቃሉ ሥር በእርሳስ ነጥብ አድርጊና ልጁ ራሱ ይፈልገው።

አደራ የምልሽ፣ እርሳስሽ የልጅ ሥዕል ላይ እንዳያርፍ። «እጅ መሣል አልችልም» ያለሽን ልጅ የገዛ እጁን ዘርግቶ እያየ እንዲሥል አድርጊው። ሰሌዳ ላይ አህያ ሥለሽ ካሳየሽ 12 አንድ ዓይነት አህያ ነው የምታገኚው።

በመጨረሻው ቀን ጥረዛ ነው። እጥፋቱ ላይ በወስፌ 3 ቀዳዳ ብሺ፤ ይህን አንቺ ወይም ረዳትሽ ሥሩት። ክሩ ከውስጥ በመካከለኛው ቀዳዳ ይወጣል፣ በላይኛው ይገባል፣ በታችኛው ይወጣል፣ ተመልሶ በመካከለኛው ይገባና ከቀረው ጫፍ ጋር ይቋጠራል። ለንባቡ 40 ደቂቃ አስቀሪ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ 3 ደቂቃ ይደርሰዋል።