እጃችሁ ወደ ስልኩ ሲሄድ

ልጆቼ፣ በሥነ ልቦና ምክር ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ይህን ግን የተማርኩት እናቴ ቤት ነው።

አንድ እሑድ እናቴ ቡና እያፈላች ስለ አባቴ ታወራኛለች። እኔ አንገቴን ደፍቼ ቴሌግራም ላይ ነኝ። «እሺ፣ ከዚያስ?» አልኳት። «ጨርሻለሁ» አለችና ሲኒዎቹን ማለቅለቅ ጀመረች። የነገረችኝ አንዱም ጆሮዬ አልገባም። እንድትደግምልኝ መጠየቅም አፈርኩ።

መልእክት ገብቶልኝ አልነበረም። እጄ ዝም ብሎ ነው የሄደው።

እናንተም እንዲህ ስትሆኑ ስንፍና አይምሰላችሁ። ድሮ የኢንተርኔት ገጽ መጨረሻ ነበረው። ታች ስትደርሱ «ቀጣይ» የሚለውን ለመንካት ቆም ትላላችሁ። በፈረንጆቹ 2006 አዛ ራስኪን የሚባል ባለሙያ እየሳቡት የማያልቅ ገጽ ሠራ፤ በኋላ ራሱም ተጸጽቶበታል። ያቺ ቆም የምትሉባት ጊዜ ናት የተወሰደችባችሁ። እኔ የምላችሁ እሷን መልሱ ነው።

እንዴት? ስልኩን ከመክፈታችሁ በፊት አንዴ በረጅሙ ተንፍሱ። «ምን ፈልጌ ነው?» በሉ። ለጓደኛ መልስ ለመስጠት ከሆነ ክፈቱ፣ መልሱ፣ ውጡ። ደብሯችሁ ወይም ከፍቷችሁ ከሆነም ራሳችሁን አትቆጡ፤ ስሜቱን ብቻ ልብ በሉት። ብዙ ጊዜ ትንሽ ቆይቶ ይበርዳል።

ሰውነታችሁንም አዳምጡ። አንድ ወጣት አሜሪካ የሄደ አብሮ አደጉን ፎቶ ባየ ቁጥር ጥርሱን እንደሚነክስ ያስተዋለው እንዲህ ሲለማመድ ነው። ለወራት ፎቶውን ከማየት በቀር አንድ ቀን እንኳ አላወራውም ነበር። ደወለለት። ልጁ ከሌሊት ሥራ መግባቱ ነበር፤ ድምፁን ሲሰማ አለቀሰ።

ሁሉንም አጥፉት የሚሉ አሉ። እኔ አልልም። ዐረብ አገር ያለች እህቱን በኢሞ የሚያገኝ ሰው ምን ይሁን? ማታ ግን ስልኩ ከትራስ ሥር ይውጣ። በዚህ አልደራደርም።

ባለፈው እሑድ ስልኬን ጓዳ አስቀምጬ እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። አቦሉ ሲቀዳ፣ «እማዬ፣ ያን ቀን ስለ አባዬ የነገርሽኝን ድገሚልኝ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ቶናው እስኪደርስ አወራችኝ።