ቅዳሜን በቤቴ ባከብር አይበቃኝም ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ እተዳደራለሁ። አብራኝ የምትሠራ የአድቬንቲስት እምነት ተከታይ «እሑድን ሰንበት ያደረገው ቆስጠንጢኖስ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያውቀው ቅዳሜን ብቻ ነው» ብላ ጥቅስ እየጠቀሰች አስረዳችኝ፤ ልቤም ተቀበለው። እሑድ ፈረቃ አለብኝ። ቅዳሜ ግን ከሥራ አርፌ፣ ዳዊት ደግሜ፣ ስብከት በስልኬ አዳምጬ እውላለሁ። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካቆምኩ ቆየሁ። የቦርዱና የካህናቱ ጠብ ፖሊስ እስከ መጥራት ሲደርስ አንገሸገሸኝ። እግዚአብሔርን ግን አልተውኩትም። የግድ የአንድ አጥቢያ አባል መሆን አለብኝ? እሑድ መሥራቴስ ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ቅዳሜን ማክበርሽን ተዪ አልልሽም። ቀዳሚት ሰንበት የእኛም ናት። በቅዳሜና በእሑድ ስግደት የለም፤ በዐቢይ ጾም እንኳ በእነዚህ ቀናት ከጥሉላት እንከለከላለን እንጂ ቅዳሴው በጠዋት ነው፣ እስከ ተሲዓት ከእህል ውኃ አንከለከልም። በዓመት አንድ ቅዳሜ ብቻ፣ ጌታ በመቃብር ያረፈባት ቀዳም ሥዑር፣ ከዚህ ሥርዓት ትለያለች። ስለዚህ ባልንጀራሽ ስለ ቅዳሜ ያላት ቅንዓት ለኢትዮጵያ ክርስቲያን እንግዳ ነገር አይደለም፤ ላከብርላትም ይገባኛል።

ስለ ቆስጠንጢኖስ የነገረችሽ ግን በታሪክ አይቆምም። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ321 ያወጣው ዐዋጅ ዳኞች፣ የከተማ ሰዎችና የእጅ ባለሙያዎች እሑድ ሥራ እንዲያቆሙ የሚያዝ ነው፤ ገበሬዎችን እንኳ ነፃ አድርጓቸዋል። ዐዋጁ የሥራ ማቆሚያ ቀን ሰጠ፤ ክርስቲያኖች ግን በእሑድ መሰብሰብ የጀመሩት ከእርሱ ብዙ ዘመን በፊት ነው። የሐዋርያት ሥራ 20፥7ን አንብቢ፤ በጢሮአዳ ምእመናኑ ከሳምንቱ በመጀመሪያው ቀን እንጀራ ለመቍረስ ተሰብስበው ጳውሎስ እስከ እኩለ ሌሊት አስተማራቸው። ለቆሮንቶስ ሰዎችም ለድሆች የሚሰጡትን በዚያው ቀን እንዲያስቀምጡ አዘዛቸው። ከዐዋጁ አንድ መቶ ስድሳ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ሰማዕቱ ዮስጢኖስ የሮም ክርስቲያኖች እሑድ ምን እንደሚያደርጉ ጽፎልናል። ከከተማውም ከገጠሩም ያሉት በአንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፤ የሐዋርያትና የነቢያት መጻሕፍት ይነበባሉ፤ መሪው ያስተምራል፤ ቁርባኑ ይቀርባል፤ ላልመጡትም በዲያቆናት እጅ ይላክላቸዋል። ያለው ሰው የሚያዋጣው ገንዘብ ለድሃ አደጎች፣ ለመበለቶች፣ ለሕሙማን፣ ለእስረኞችና ለእንግዶች ይውላል።

ላልመጡትም የሚለውን ልብ በዪው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁና።

የእኛ አባቶች ደግሞ በዚህ በቅዳሜ ጉዳይ እስከ ስደት ደርሰዋል። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ሁለቱንም ሰንበት ማክበር ይገባል ብለው በማስተማራቸው አገራቸውን ትተው ወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1352 በአርመን አገር ዐረፉ። ከግብፅ የሚመጡት ጳጳሳት እሑድን ብቻ ያከብሩ ስለነበር ደቀ መዛሙርታቸው ለረጅም ዘመን ክህነት አጥተው ተገፍተው ኖሩ። በመጨረሻ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1450 በተጉለት በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አደረጉ፤ ጳጳሳቱ አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤልም የቅዳሜን መከበር ተቀበሉ። አንቺ ግን ጉባኤው የወሰነውን ሌላውን ወገንም እይው። የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም በበኩላቸው ከጳጳሳቱ ክህነት ለመቀበል ተስማሙ። የተሟገቱለትን ቀን በእጃቸው ካስገቡ በኋላ «እንግዲህ ገዳማችን ይበቃናል» አላሉም፤ አብሮ ወደሚቀደስበት አንድነት ገቡ። ስለ ቅዳሜ ከእነርሱ የበለጠ ዋጋ የከፈለ ማን ነው? ቀኑ ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ለእነርሱ በበቃ ነበር።

ከመቶ ዓመት በኋላ ዐፄ ገላውዴዎስ «አይሁዳችኋል» ለሚሏቸው ኢየሱሳውያን (ጀስዊት ለሚባሉት የሮም ካቶሊክ ሚስዮናውያን) እ.ኤ.አ. በ1555 የእምነት መግለጫ ጻፉ። የእኛ ቅዳሜ ውኃ እንደማይቀዱበት፣ እሳት እንደማያነዱበት፣ ወጥ እንደማይሠሩበት የአይሁድ ቅዳሜ እንዳልሆነ ነገሯቸው፤ እኛ ቁርባን እናቀርብባታለን፣ ማዕድም እናደርግባታለን አሉ። ንጉሡ ቅዳሜን እንዴት እንደምናከብር ሲጠየቁ የነገሩት ከምን ከምን ሥራ እንደምናርፍ አይደለም፤ ቅዳሴውንና አብሮ መብላቱን ነው።

እንግዲህ ወደ አንቺ ቅዳሜ እንምጣ። ዕረፍቱ አለ፣ ዳዊቱ አለ፤ እግዚአብሔር ይቀበልልሽ። የጎደለው ሰው ነው። ዘሌዋውያን 23፥3 ሰንበትን «የተቀደሰ ጉባኤ» ይላታል። ጌታችንም በናዝሬት በሰንበት ቀን «እንደ ልማዱ» ወደ ምኵራብ ገባ ይላል ሉቃስ። ልማዱ ነበር! የሰንበት ጌታ ሰንበትን ያከበረው ከመንደሩ ሰዎች ጋር ተቀምጦ፣ ተነሥቶ መጽሐፍ አንብቦ ነው። እነዚያ ሰዎች ምን ዓይነት እንደነበሩም ታውቂያለሽ፤ በዚያው ቀን ከገደል አፋፍ ሊጥሉት ወሰዱት። በምኵራብ ውስጥ ቁጣ ነበር፣ ግርግር ነበር፣ የመግደል አሳብ ጭምር ነበር። ከዚያ በኋላ ወዴት ሄደ? ወደ ቅፍርናሆም ወረደ፣ በዚያም በሰንበት በምኵራብ ያስተምር ነበር። የናዝሬት ሰዎች ክፋት ልማዱን አላስተወውም።

ይህን የምለው የደረሰብሽን ለማቃለል አይደለም። በካህናትና በቦርድ መካከል በመቅደሱ ደጃፍ ፖሊስ ሲጠራ ማየት ያማል፤ ያን ያደረጉ ሰዎችም፣ ካህንም ይሁኑ ምእመን፣ በእግዚአብሔር ፊት ይጠየቁበታል። የሁለቱ ሲኖዶሶች፣ የአገር ቤቱና የስደቱ፣ መለያየት 27 ዓመት ሲቆይ ብዙዎች እንዳንቺ «ይቅርብኝ» ብለው ቤታቸው ቀርተዋል። እርቁ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. እዚያው አንቺ ባለሽበት አካባቢ በዋሽንግተን ሲፈጸም ግን ሲያለቅሱ ያየናቸው በዚያ ሁሉ ዘመን እያዘኑም ሳይቀሩ የቆሙት አረጋውያን ነበሩ።

«ባሕታውያንስ ብቻቸውን ይኖሩ የለም ወይ?» ትዪኝ ይሆናል። ማርያም ግብጻዊትን አስቢ። ሰው ሳታይ ስንት ዘመን በበረሃ ኖራ፣ አባ ዞሲማስን ስታገኘው የለመነችው ቅዱስ ቁርባን ይዞላት እንዲመጣ ነው። ካህኑም ቢሆን ብቻውን አይቀድስም፤ በእኛ ሥርዓት ቢያንስ አምስት ልዑካን፣ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት፣ ካልተገኙ ቅዳሴ የለም። ሊቀ ሊቃውንት ቢሆን እንኳ አራት ሰው ካጣ መንበሩ ፊት ቆሞ ከመጸለይ በቀር የሚችለው የለም። ስልክሽ ስብከቱን ያመጣልሻል፤ ሥጋ ወደሙን፣ ኑዛዜን፣ ስታዝኚ የሚያስተዛዝንሽን ሰው ግን ከየት ያመጣዋል?

አገር ቤት ሳለሽ ሰንበቴ አይተሻል። ተረኛዋ ሌሊቱን ዳቦ ስትደፋ አድራ፣ ጠላውን አስጭና ትመጣለች፤ ከቅዳሴ በኋላ ካህኑ ባርኮ ይቆርሳል፣ ደጀ ሰላም ላለው ነዳይም ይደርሰዋል። ከዚያ አንዷ እናት ዙሪያዋን ቃኝታ «እገሊት ምነው ቀረች? አመማት እንዴ?» ትላለች። አባልነት ይኸው ነው። በሰበካ ጉባኤ መዝገብ መስፈርና ወርኃዊ ክፍያ መክፈል ተገቢ ነው፤ ዋናው ግን ስትቀሪ የሚጠይቅሽ፣ ሲቀርም የምትጠይቂው ሰው መኖሩ ነው። በዮስጢኖስ ዘመን ላልመጡት ቁርባን የተላከላቸው አለመምጣታቸውን ያወቀ ስለነበረ ነው። ቤተ ክርስቲያን በሌለበት በሳዑዲ ዓረቢያ ሰው ቤት የምትሠራ እኅትሽ፣ ታማ የተኛች፣ የታሰረች፣ እነዚህ ከጉባኤው አልወጡም፤ በጸሎት እንጠራቸዋለን። አንቺ ግን ደጁ ሳይዘጋብሽ የቀረሽ ነሽ።

የእሑድ ሥራሽን በተመለከተ ልብሽን አሳርፊ። ብቻቸውን ከአልጋ የማይነሱ ሽማግሌን አንሥቶ ማጠብ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ መስጠት ሰንበትን አይሽርም። ጌታ 18 ዓመት የጎበጠችውን ሴት በሰንበት ሲያቀናት «በሬአችሁን ፈትታችሁ ውኃ ታጠጡ የለምን?» ብሎ ነው የመለሰላቸው። የተመደብሽበትን ፈረቃ መሥራት ሌላ ነው፤ ተጨማሪ ክፍያ አለው ብሎ በየእሑዱ ስምን አስቀድሞ ማስመዝገብ ሌላ ነው። ሁለተኛው ካለ እርሱን ለንስሐ አባትሽ ተናገሪ።

ደግሞም አገሩ የሰጠሽን መብት ተጠቀሚበት። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ቀጣሪ የሠራተኛውን ሃይማኖት እንዲያስተናግድ ያዛል። ግሮፍ የተባለ የፔንሲልቬኒያ ፖስታ አዳይ እሑድ አልሠራም በማለቱ የተነሣው ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ዳኞቹ በአንድ ድምፅ ቀጣሪው እንቢ ለማለት ከባድ ወጪ ወይም ጫና እንደሚደርስበት ማሳየት አለበት ብለዋል። ሁልጊዜ ይፈቀድልሻል ማለት አይደለም፤ ግን ጥያቄሽን በጽሑፍ አቅርቢ፤ ቢያንስ በወር አንድ ወይም ሁለት እሑድ ጠይቂ። በቀሩት ሳምንታት ቅዳሜ የሚቀደስበት አጥቢያ በአካባቢሽ እንዳለ አጠያይቂ፤ የምትወጃት ቅዳሜሽ ያኔ ቁርባን ይኖራታል።

ወደ ቀድሞው አጥቢያሽ ተመለሺ ብዬ አላስገድድሽም። ሌላ የሚቀርብሽ ካለ ሂጂ። ግን በዝምታ አትቀይሪ፤ አስቀድመሽ ለንስሐ አባትሽ ደውዪ፣ ለምን እንደቀረሽ ሳትሸሽጊ ንገሪያቸው፣ ያስቀየሙሽ እርሳቸው ከሆኑም ይህንኑ ንገሪያቸው። ከዚያ አዲሱ አጥቢያ ስትደርሺ ከቅዳሴ በኋላ ቶሎ ወደ መኪናሽ አትሩጪ፤ ወደ አዳራሹ ግቢ፣ ስምሽን ለአጠገብሽ ሰው ንገሪ፣ የምግብ ተራ የምትይዘውን እኅት ፈልገሽ አንዱን ሳምንት ያዢ።