«ቲቸር፣ ካልዲን ማን አየው?»

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

የምጽፍልዎት ከጅማ ነው። የሳይንስ አስተማሪ ነኝ። ልጆች የሚያነቡት፣ ተረት ያልሆነ መጽሐፍ ስፈልግ አጣሁና ራሴ ጻፍኩ። ስለ ቡና ነው። ከዕቁብ የወጣልኝን ብር አዲስ አበባ ላለ ማተሚያ ቤት ሰጥቼ 1000 ቅጂ አሳተምኩ። ካርቶኖቹ በአውቶቡስ መጡ። እስከ ዛሬ የተሸጠው 140 ነው። 860ው አልጋዬ ሥር ነው።

ባለፈው ወር አንድ ትምህርት ቤት ጋብዞኝ ለአራተኛ ክፍል ልጆች አነበብኩላቸው። «ከብዙ ዘመን በፊት ካልዲ የሚባል እረኛ ፍየሎቹ ሲዘሉ አየ» ስል አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ካልዲን ማን አየው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ወዲያው ደግሞ ሌላ ልጅ ሥዕሉን እያሳየች ሳቀች። ሠዓሊው ቡናውን እንደ ብርቱካን ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ አንጠልጥሎታል። «የእኛ ቡና እንዲህ አያፈራም» አለች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ።

ባለቤቴ «ብሩ ሄደ፣ ይብቃሽ» ይለኛል። እናቴ «ሰው የሚወደው ተረት ነው፣ ተረት ጻፊ» ትላለች። እኔ ደግሞ ስህተቱ የመጣው በትርፍ ጊዜዬ ስለምጽፍ ነው፣ ማስተማሩን ትቼ ሙሉ በሙሉ ልግባበት ይሆን እላለሁ። ልተወው ወይስ ልግባበት?

አስተማሪዋ፣ ከጅማ

---

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለቴም የቆምኩት ልጁ ጋ ነው። «ማን አየው?» ብሎ የሚጠይቅ አርታኢ ብዙ ደራሲ ከፍሎም አያገኝም።

ጥያቄው ደግሞ መልስ አለው። የእረኛው ወሬ በጽሑፍ የሚታወቀው በ1671 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በታተመ የላቲን መጽሐፍ ነው። እዚያ ላይ እረኛው ስም የለውም። አገሩም በየመን በኩል ነው። ካልዲ የሚለው ስም በኋላ የመጣ ነው። የእናንተው ጎማ ወረዳ ጮጬ ብትሄጂ «እዚህ ነው የተገኘው» ይሉሻል። ቦንጋ ብትሻገሪ «የለም፣ እኛ ጋ ነው» ይሉሻል። ሁለቱንም ቡናቸውን እየጠጣሽ መስማት ነው እንጂ ምን ይደረጋል። ልጆቹ ግን ይህን ሁሉ ቢሰሙ ይወዱታል። ካልዲን ከመጽሐፉ ማባረር የለብሽም። «አየ» ያልሽውን «አየ ይባላል» በይው፤ ከዚያ ማን እንዳለው ንገሪያቸው።

እናትሽ ሰው ተረት ይወዳል ማለታቸው ልክ ነው። ግን መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ከቤትሽ ስንት ያስኬዳል? በ1971 እ.ኤ.አ. የቡናን ፍሬ ገና አረንጓዴ ሳለ የሚያጠቁር በሽታ አገራችን ውስጥ ታየ። ተመራማሪዎች በሽታው ያልደፈረውን ዛፍ ፍለጋ በየጫካውና በየማሳው ዞሩ። 74110 የሚባለውን ቡና ሰምተሻል አይደል? የዚያ ፍለጋ ፍሬ ነው። 74ቱ ዛፉ የተመረጠበት ዓመት ነው፣ 1974 እ.ኤ.አ.። ይህን ያነበበ የጅማ ልጅ ጓሮ ወጥቶ «አባዬ፣ የእኛ ቡና ቁጥሩ ስንት ነው?» ማለቱ አይቀርም። ከፍየሎቹ ጭፈራ ይህ ያንሳል?

ማስተማሩን እንዳትተዪ። እዚህ አገር ለልጆች ኢ-ልቦለድ ጽፎ በዚያ ብቻ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው እኔ አላውቅም። ደግሞም ስህተቱ የመጣው በትርፍ ጊዜሽ ስለጻፍሽ አይመስለኝም። ከመታተሙ በፊት ረቂቁን ማን አነበበው? ሥዕሉንስ ጓሮው ቡና ያለው ሰው አየው? ደብዳቤሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አላገኘሁም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ስለ እንሰት ስጽፍ «የሐሰት ሙዝ ዛፍ» ብዬ ያላየሁትን ጽፌ፣ አንዲት የጉራጌ እናት ስልክ ደውለው «ልጄ፣ እንሰት ፍቀሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። እስከ ዛሬ ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

ስለ ብሩ ባለቤትሽ እውነት አላቸው፣ ልከራከርልሽ አልችልም። የሚቀጥለውን 200 ብቻ አሳትሚ። የአንዱ ዋጋ ይወደዳል፣ ግን አልጋሽ ሥር አያድርም። ጅማ ውስጥ ብዙው ልጅ የሚማረው በአፋን ኦሮሞ መሆኑን ደግሞ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። በአማርኛ ብቻ ስታሳትሚ ከበሩ ላይ ስንቱን መለስሽ? ቋንቋውን የሚያስተምር ባልደረባ ፈልጊና አብራችሁ ሥሩት። ስሙ ሽፋኑ ላይ ይውጣ፣ ድርሻውም በወረቀት ይጻፍ።

ወረቀት ካነሣን፣ አሳታሚ ከመጣልሽ ቡና እየጠጣችሁ በቃል አትስማሙ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲን መብት በሕይወት ዘመኑና ካለፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ለልጅ ልጆችሽ የሚተርፍ ነገር ነውና ምን እንደሰጠሽ፣ ለስንት ዓመት እንደሰጠሽ ሳታነቢ አትፈርሚ። ከሠዓሊው ጋርም እንዲሁ። ንድፉን በእርሳስ ሳለ እንዲያሳይሽ ውሉ ላይ አስገቢ።

አሁን ወደ 860ው። አትጣያቸው። የእርማት ወረቀት አዘጋጂ። አራቱ በአንድ ኤ4 ይገባል፤ 215 ወረቀት ይበቃሻል። እዚያ ሠፈር ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት በግማሽ ቀን ይጨርስልሻል። እንዲህ ብለሽ ጻፊበት፦ «የካልዲ ነገር አፈ ታሪክ ነው። የምናውቀው ግን ይህ ነው፤ አረቢካ ቡና ዛሬም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ውስጥ ሰው ሳይተክለው ይበቅላል። ሥዕላችንም ተሳስቷል። ቡና የሚያፈራው በቅርንጫፉ ላይ፣ ቅጠሉ በሚነሣበት ቦታ ተሰብስቦ ነው። ይህን ያረሙን ሁለት የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው።» ልጆች እንዲህ ያለ ወረቀት ያለበትን መጽሐፍ ለጓደኛ ሳያሳዩ አያድሩም።

ወረቀቶቹን ስትጨርሺ ወደዚያው ክፍል ተመለሽ። የሚቀጥለውን ረቂቅ ለዚያ ልጅ አንብቢለት። ሥዕሉን ለልጅቷ አሳዪያት።

ካርቶኖቹን ደግሞ ዛሬውኑ ከወለሉ አንሺያቸው፤ በበርጩማ ላይም ቢሆን። የጅማን ዝናብ ታውቂዋለሽ።