የእቁቡን ብር ኤንቪዲያ ላይ ላድርገው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ነው የምሰራው። በቅርቡ እቁብ ደርሶኝ 20,000 ዶላር እጄ ላይ አለ። የአክስቴ ልጅ ስቶክ (የኩባንያ ሼር) ይነግዳልና "ሙሉውን የኮምፒውተር ቺፕ የሚሰራውን የኤንቪዲያን ሼር ግዢበት፣ ድሮ አንዱ ሼር ከሺ ዶላር በላይ ነበር አሁን ረክሷል፣ ኤአይ (ሰው ሰራሽ አስተውሎት) እንደሆነ ገና መጀመሩ ነው" እያለ ቀን ከሌት ይጨቀጭቀኛል። አካውንት መክፈት ከፈራሽ በኔ ስም ገዝቼ አስቀምጥልሻለሁም ብሎኛል። እኔ ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ቤት ልገዛ አስቤ ነበር፣ ክሬዲት ካርድም ወደ 6,000 ዶላር አለብኝ። ባልገዛ ይቆጨኛል፣ ብገዛ እንቅልፍ አጣለሁ። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን እቁቡ ደረሰሽ። በኔ ስም ልግዛልሽ ካለሽ ነገር ልጀምር፣ ምክንያቱም ከኤንቪዲያ ይልቅ ያሳሰበኝ እሱ ነው፣ በሰው ስም ሼር አይገዛም! የአክስትሽን ልጅ ጠርጥሬው አይደለም፣ ታማኝ ሊሆን ይችላል፣ ግን አሜሪካ ውስጥ አካውንቱ በማን ስም ነው ከተባለ ባለቤቱ እሱ ነው፣ አለቀ። ሼሩ ሲሸጥ የታክስ ፎርሙ፣ ያ 1099 የሚሉት፣ ለሱ ነው የሚመጣው፣ ታክሱም በሱ ገቢ ላይ ነው የሚሰላው፣ ከዛ እሱ "ታክሴን ቀንሼ ልስጥሽ" ሲል አንቺ "ስንት ነው የቀነስከው" ስትዪ ዝምድና እዛ ጋ ይበላሻል። ቢፋታስ፣ አበዳሪ ቢከሰውስ፣ እግዜር አያድርገውና አንድ ነገር ቢሆንስ? ብርሽ ከሱ ንብረት ጋር ተደባልቆ ነው የሚገኘው፣ የኔ ነው ብለሽ የምታሳዪው ወረቀት የለሽም። በዛ ላይ ስቶክ ይነግዳል ካልሽኝ፣ ማርጂን ማለትም ከብሮከሩ (ሼር ከሚያገበያየው ድርጅት) ተበድሮ የሚገዛ ከሆነ ገበያው ሲወርድ ብሮከሩ ሳይጠይቀው አካውንቱ ውስጥ ያለውን መሸጥ ይችላል፣ ያንቺም አብሮ ይሄዳል። አካውንት መክፈት እንደሆነ የሚያስፈራ ነገር የለውም፣ ፊዴሊቲ ወይ ሽዋብ የሚባሉት ብሮከሮች ላይ በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርሽና በባንክሽ ቁጥር ስልክሽ ላይ ከፍተሽ ትጨርሺያለሽ፣ መክፈቻ ክፍያም የለውም።

"ረክሷል" ወዳለው ልምጣ። አልረከሰም። ሰኔ 2024 (ቀኑንም ወሩንም ዓመቱንም ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ) ኩባንያው አንዱን ሼር ለአስር ከፈለው፣ ስለዚህ 1,200 ዶላር ገደማ የነበረው 120 ሆነ፣ አንድ የነበረው ሰው ደግሞ አስር ሼር ያዘ። ድፎ ዳቦው አስር ቦታ ስለተቆረጠ አልጨመረም አልቀነሰም። የሼሩ ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ርካሽ ነው ብሎ የሚገዛ ሰው ምን እየገዛ እንደሆነ አያውቅም፣ መካሪሽ ይህን ካላወቀ ሌላውንም ምክሩን በጥርጣሬ ስሚው።

አሁን ስለ ኩባንያው። ጥሩ ኩባንያ ነው ወይ ካልሽኝ አዎ፣ በጣም። በ1993 ጄንሰን ሁዋንግና ሁለት ጓደኞቹ ሲያቋቁሙት ለቪዲዮ ጌም የሚሆን ቺፕ ነበር ሀሳባቸው፣ አሁን ግን ቻትጂፒቲን የመሳሰሉት ሁሉ የሚሰለጥኑበት ቺፕ በብዛት የሱ ነው። ጥር 2023 ባለቀው የሂሳብ ዓመት 27 ቢሊዮን ዶላር የሸጠ ኩባንያ ከሁለት ዓመት በኋላ 130 ቢሊዮን ሸጠ፣ ከዚህ ውስጥ ከ70 ቢሊዮን በላይ የተጣራ ትርፍ ነው፣ ወሬ አይደለም እውነተኛ ብር ነው። ሀምሌ 2025 በዓለም የመጀመሪያው የ4 ትሪሊዮን ዶላር ኩባንያ ሆነ፣ በጥቅምት ደግሞ 5 ትሪሊዮንን አለፈ።

ችግሩ ጥሩ መሆኑን ዓለም ሁሉ አውቆ ዋጋው ውስጥ አስገብቶታል። አንቺ ዛሬ ስትገዪ የምትከፍዪው ለሰራው ስራ ሳይሆን ገና ይሰራል ለተባለው ነው፣ የተባለውን ያህል ካልሰራ፣ ትርፍ እያገኘም ሼሩ ይወርዳል። ሲስኮን አስቢው፣ የኢንተርኔቱን መሳሪያ የሚሰራው እሱ ነበር፣ መጋቢት 2000 ላይ ለአጭር ጊዜ የዓለም ውዱ ኩባንያ ሆኖ ሼሩ 80 ዶላር ደርሶ ነበር፣ በ2002 ከ10 ዶላር በታች ወረደ። ኩባንያው አልከሰረም፣ ኢንተርኔትም አልቀረም፣ እንዲያውም ከተባለው በላይ ሆነ፣ ግን በ80 ዶላር የገዛ ሰው ወደ ዋጋው ለመመለስ 25 ዓመት ገደማ ጠበቀ። ኤንቪዲያ ሲስኮ ይሆናል እያልኩ አይደለም፣ ትርፉ ከዛን ጊዜው ሲስኮ በጣም የጠነከረ ነው፣ ግን "ኤአይ ገና ነው" የሚለው ብቻውን ሼር ለመግዛት ምክንያት አይሆንም።

ራሱ ኤንቪዲያም ቢሆን ከ2021 መጨረሻ እስከ 2022 ጥቅምት ሁለት ሶስተኛውን ያህል ወርዶ ነበር። ጥር 27 ቀን 2025 ደግሞ ዲፕሲክ የሚባል የቻይና ኤአይ በርካሽ ተሰራ ተብሎ በአንድ ቀን 17 በመቶ፣ ወደ 590 ቢሊዮን ዶላር፣ ከዋጋው ተነነ። በኋላ ተመለሰ፣ እውነት ነው። ግን የተመለሰው ለጠበቀ ሰው ነው፣ አንቺ ያን ሳምንት የቤት ዳውን ፔይመንት (ቅድሚያ ክፍያ) ክፈዪ ብትባዪስ? ደግሞ ሽያጩ ከጥቂት ደንበኞች ነው የሚመጣው፣ ማይክሮሶፍት፣ ሜታ፣ አማዞን፣ ጉግል፣ ከነሱም ጉግልና አማዞን የራሳቸውን ቺፕ እየሰሩ ነው። ቺፑን የሚያመርትለት የታይዋን ፋብሪካ ነው፣ ለቻይና መሸጥ ሲፈልግ ዋሽንግተንን ማስፈቀድ አለበት፣ በሚያዝያ 2025 አንድ የፈቃድ ህግ ስለመጣ ብቻ 4.5 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ መዝግቧል። ዲቪደንድ (ለባለ ሼሮቹ የሚያከፋፍለው ትርፍ) እንዳትዪኝ፣ በ2025 በሶስት ወር በአንድ ሼር አንድ ሳንቲም ነበር።

ስለዚህ እኔ ብሆን ምን አደርጋለሁ? መጀመሪያ 6,000ውን የክሬዲት ካርድ ዕዳ እዘጋለሁ፣ ዛሬ። ወለዱ ከ20 በመቶ በላይ ይመስለኛል፣ ስቴትመንትሽን እይው፣ እሱን መክፈል ማለት ያለምንም ስጋት 20 በመቶ ማትረፍ ማለት ነው፣ ይህን የሚያረጋግጥልሽ ሼር የለም። የቤቱን ብር ስቶክ አላስነካውም፣ ወለድ ጥሩ የሚከፍል ሴቪንግ ወይም የመንግስት ትሬዠሪ ቢል (ለመንግስት ለአጭር ጊዜ የሚበደርበት ሰነድ) ውስጥ ይቀመጥ፣ የትሬዠሪው ወለድ የሜሪላንድ ታክስ እንኳን የለበትም። ከዛ አሰሪሽን ሪታየርመንት (የጡረታ ቁጠባ) ላይ ማች ያደርጋሉ ወይ፣ አንቺ ስታስገቢ እነሱም ይጨምሩልሻል ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ያ ነጻ ብር ነው፣ ብዙ ሀበሻ ሳይወስደው የሚቀር። እዛ ያለው ፈንድ ኤስ ኤንድ ፒ 500ን (የ500 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን ዝርዝር) የሚከተል ከሆነ ደግሞ ኤንቪዲያ አለሽ ማለት ነው፣ በ2025 ከ7 በመቶ በላዩ እሱ ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ አሁንም ኤንቪዲያ ካልሽ፣ እሺ፣ አንድ ሺ ወይ ሁለት ሺ ዶላር፣ ግማሹ ቢጠፋ ቤት መግዛትሽን የማያስቀር። ባንዴ ሳይሆን በየወሩ ትንሽ ትንሽ፣ ሙሉ ሼር ካልሞላልሽ ቆርሰሽም መግዛት ይቻላል። ከዓመት በታች ይዘሽ ከሸጥሽ ትርፉ እንደ ደሞዝ ነው የሚታክሰው፣ ዓመት ካለፈ ይቀንሳል። ለአክስትሽ ልጅ ደግሞ ገዝቻለሁ በዪው፣ ስንት እንደሆነ ማወቅ የለበትም።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነው። ወንድሜ ቴሌግራም ላይ "የአማዞን ሼር" ብሎ 3,000 ብር አስገባ፣ በየቀኑ 5 በመቶ ትርፍ አፑ ላይ ይታየዋል። ለማውጣት ሲል ግን 10,000 ብር ጨምር አሉት። እውነት ይሆን?

መልስ፦ አይደለም። አማዞን ለባለ ሼሮቹ ዲቪደንድ ከፍሎ አያውቅም፣ እንኳን በየቀኑ በየዓመቱም። አፑ ላይ የሚያየው ትርፍ እነሱ የጻፉት ቁጥር ነው፣ ብሩም የሄደው ወደ ግለሰብ ስልክ እንጂ ወደ አማዞን አይደለም። ሼር ከፈለገ አገር ውስጥ ህጋዊ መንገድ አለ፣ ሼር የሚገበያይበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በፈረንጅ ጥር 2025 ስራ ጀምሯል፣ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው፣ ብሮከሩ ፈቃድ እንዳለው ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ያጣራ። አሁን ግን 10,000ውን እንዳይልክ ዛሬውኑ ያዘው፣ የላከበትን ደረሰኝና ቁጥሩን ይዞ ፖሊስ ጋ ይሂድ፣ ቻቱንም እነሱ ሳያጠፉት ስክሪንሾት ያድርገው።