መልስ፦ ቢርካው የሚጎድለው ሰርጎ ነው ወይስ ተንኖ?

ወንድሜ፣ ጎዴ አካባቢ «ጉ» በሚባለው ዋናው የዝናብ ወቅት የሞላው ክፍት ቢርካ (በሲሚንቶ የተለሰነ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ) ሰው ሳይቀዳበትም ይጎድላል ብለሃል። ሲሚንቶ ከመግዛትህ በፊት ምክንያቱን ለይ። ባልዲ ውሃ ሞልተህ፣ ግማሹ እንዲጠልቅ አድርገህ ቢርካው ደረጃ ላይ አስቀምጥ፤ የሁለቱንም የውሃ ከፍታ በሚስማር ጫር። ማንም ሳይቀዳ ከ3 ቀን በኋላ እኩል ከወረዱ ትነት ነው። 10 በ20 ሜትር የሆነ ቢርካ በቀን 7 ሚሊሜትር ብቻ ቢተን 1,400 ሊትር ሄደ ማለት ነው፤ ለዚህ ክዳን እንጂ ልስን አይረዳም።

የቢርካው ውሃ ከባልዲው ይበልጥ ከወረደ ይሰርጋል፤ ስንጥቅ ሊኖር ይችላል። ውሃው ሲያልቅ ስንጥቁን በመሮ አስፍተህ አጽዳ፣ አርጥብ፣ 1 እጅ ሲሚንቶ በ3 እጅ የታጠበ አሸዋ ለስን። ከዚያ 7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ሸፍን። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፦ ልስኑን ፀሐይ ቶሎ ያደርቀውና መልሶ ይሰነጠቃል።