የጥር ሙሽሮችና ባሕሩ፦ ጥያቄና መልስ

ጥር ሊመጣ ነው። ደብዳቤዎቻችሁም ተቀየሩ። እስካሁን የምትጠይቁኝ ስለ ቤት ኪራይና ስለ አማት ነበር። አሁን ግማሾቻችሁ ስለ ባሕር ነው የምትጽፉት። ጫጉላችንን ጅቡቲ ብናሳልፍስ? ሙሻ ደሴት ለሁለት ሰው ትሆናለች? አልገረመኝም። ለድሬ ሰው ከላንጋኖ ይልቅ ባሕሩ ይቀርበዋል።

ሙሻን ለማታውቁ፦ ከጅቡቲ ከተማ ፊት ለፊት፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ያለች ዝቅ ያለች የኮራል ደሴት ናት። በጀልባ ነው የሚኬደው። ነጭ አሸዋ፣ ጨው ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚበቅል የማንግሮቭ ዛፍ፣ ጥቂት ቤቶች። ሌላ ብዙ ነገር የለም፤ ሰው የሚሄደውም ለዚሁ ነው። ከ1972 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጥብቅ ክልል ናት። በ1840 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዞች ከታጁራ ሱልጣን በ10 ከረጢት ሩዝ ገዟት ይባላል። አሁን ወደ ጥያቄዎቹ።

ከድሬ፣ ከከዚራ ሰፈር የጻፈች ሙሽራ ፓስፖርትና ቪዛ ያስፈልገናል ወይ ትላለች።

ፓስፖርት አዎ። የቪዛውን ነገር ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ከጅቡቲ ቆንስላ ወይም ኤምባሲ ጠይቁ። ጎረቤት አትጠይቁ። ጎረቤት የሚነግራችሁ እሱ የሄደ ጊዜ የነበረውን ነው።

አንድ ወንድም የባሕር ውሃ ቢፈላ ይጠጣል ወይ ብሎ ጠየቀ።

አይጠጣም። ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። የምትጠጡትን ከከተማ ይዛችሁ ተሻገሩ፤ ከሚበቃችሁም አብልጡ።

ሌላዋ ሙሽራ በጣም ደንግጣለች። እጮኛዋ "ከሻርክ ጋር እንዋኛለን" ብሏታል። ሰውዬው ጤነኛ ነው ወይ ነው ጥያቄዋ።

ጤነኛ ነው እህቴ። እሱ የሚለው ዌል ሻርክ የሚባለውን ነው። ስሙ ዓሣ ነባሪን ይጠራል እንጂ ዓሣ ነባሪ አይደለም፤ በስንጥቡ የሚተነፍስ ዓሣ ነው። በዓለም ላይ ካሉት ዓሦች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ሰው አይበላም። አፉን ከፍቶ ውሃ ያጣራል፤ የሚበላው በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታትን ነው። ከኅዳር ጀምሮ እስከ ጥር ድረስ አርታ በሚባለው የጅቡቲ ባሕር ዳርቻ አካባቢ ይሰበሰባል። የሚመጡትም በብዛት ገና ያላደጉት ናቸው። አትንኩት፣ መንገዱን አትዝጉበት፣ ከጭራው ራቁ። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ዋና መቻልሽን አልጻፍሽልኝም። ዓሣው ያለው እግር በማይደርስበት ውሃ ውስጥ ነው። ካልቻልሽ ጀልባው ላይ ሆነሽ እይው። ከዚያም ላይ ቆንጆ ነው።

ቀጣዩን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሳቢያን ሰፈር ልጅ ነው። ሠርጉ ጥር ውስጥ ነው፣ ለሙሻ ተዘጋጅተዋል። ችግሩ ለእጮኛው "ዋናማ አቦ፣ እንደ ዓሣ ነኝ" ብሏት ነበር። አይችልም። በሁለት ሳምንት እንዴት ልማር፣ እሷ ሳታውቅ ይላል።

ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ ንገራት። ነገ አትበል።

ለምን እንደምቸኩል ላስረዳህ። ድሬ ውሃን የምታውቀው በጎርፍ ነው። ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ከዚያ አንድ ሌሊት ከላይ ከተራራው ይወርዳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ያኔ ከተማው ውስጥ የነበርን ሰዎች ድምፁን አንረሳውም፤ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ነበር የሚሰማው። ስለዚህ እኛ ዘንድ ውሃ ሊገድል ሲመጣ ይጮኻል። የሚወሰደው ሰውም ይጮኻል። ጆሯችን የለመደው ይህንን ነው።

ባሕር ላይ እንደዚያ አይደለም። እየሰጠመ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ አይጮኽም። አፉ ከውሃው በላይ የሚወጣው ለአፍታ ነው፤ ያችን አፍታ አየር ይስብባታል እንጂ አይጣራባትም። እጁን አያውለበልብም። ክንዶቹን ወደ ጎን ዘርግቶ ውሃውን ወደ ታች ይጫናል። ራሱ ወደ ኋላ ይዘነበላል። ከዳር ለሚያየው የሚጫወት ይመስላል። ይህ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ ላይበልጥ ይችላል።

ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። ከስድስት ዓመት በፊት ባለቤቴና እኔ ሙሻ ሄደን ነበር። ውሃው ጥርት ያለ፣ እስከ ጉልበት። እኔ አሸዋው ላይ ቁጭ ብዬ ለዓሣው ሎሚ እቆርጣለሁ። እሱ ትንሽ ገባ። ከዚያ ኮራሉ ባንዴ አለቀና ወለሉ ጠፋ። እያየሁት ነበር። ፈገግ ብዬ ነበር የማየው። የጀልባው ልጅ ግን ገባው። ዘሎ አልገባም። ባዶ ቢጫ የዘይት ጀሪካን፣ ክዳኑ የተዘጋ፣ በገመድ አስሮ ወረወረለት። ሲጎትቱት ትንፍሽ አላለም። ጣቶቹን ከጀሪካኑ እጀታ ለማላቀቅ ሁለት ሰው ፈጀ። ዋና እንደማይችል ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ከተጋባን አሥራ አንድ ዓመት ሆኖን ነበር።

ለምን አልነገርከኝም አልኩት። "አልጠየቅሽኝም" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ጠይቄው አላውቅም። እኔ ግን እጮኛህ ትጠይቅህ አልልህም፤ አንተው ቀድመህ ንገራት። ስትነግራት ትስቅ ይሆናል። ትሳቅ። ከዚያ በኋላ ግን ውሃ ውስጥ ስትገባ ዓይኗ አንተ ላይ ይሆናል፤ የምፈልገውም እሱን ነው።

ሁለት ሳምንት ዋናተኛ አያደርግህም። በጀርባ መንሳፈፍን ግን ልትማርበት ትችላለህ። መዋኛ ያለው ሆቴል ፈልግና አሠልጣኝ ያዝ፤ ጓደኛህ አያስተምርህ። ጀልባው ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ላይፍ ጃኬቱን ቁጠር። ለሁላችሁም ካልበቃ አትሳፈሩ፤ የከፈላችሁት ገንዘብ ይቅር። ጃኬቱን እንደ ትራስ አትቀመጥበት፤ ልበሰው፣ ማሰሪያውንም ቆልፈው። ደሴቷ ላይ ከወገብ በላይ አትግባ። ኮራሉ የሚያልቅበትን ቦታ የጀልባውን ሰው አስቀድመህ ጠይቀው። ሰው ችግር ውስጥ ካየህም ተከትለህ አትዝለል፤ የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይወርዳል። የሚንሳፈፍ ነገር ወርውርለት። ባዶ ጀሪካን ይበቃል። ይዘህ ሂድ።

ሁለት ፍቅረኛሞች ደግሞ ቤተሰብ ሳያውቅ፣ ስልክ አጥፍተን፣ ለሦስት ቀን ከዓለም እንጥፋ ወይ ይላሉ።

በፍቅራችሁ አልገባም። ለአቅመ ውሳኔ ደርሳችኋል። ነገር ግን አንድ ሰው ማወቅ አለበት። እናት ካልሆነች እህት፣ እህት ካልሆነች የልብ ጓደኛ። የት እንዳላችሁ፣ በማን ጀልባ እንደሄዳችሁ፣ በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ጽፋችሁ ስጡት። በዚያ ሰዓት ካልደወላችሁ ለማን መናገር እንዳለበትም ይወቅ። ንፋስ ከተነሣ ጀልባ አይንቀሳቀስም፤ ያኔ ደሴት ላይ መሆናችሁን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ሌላም አለ። የምትሄዱበት የሰው አገር ነው፣ ሙስሊም አገር ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ባሉበት ከዋና ልብስ ላይ ነጠላም ሽርጥም ጣል አድርጉ። አርብ የእረፍት ቀናቸው ስለሆነ ጸጥታ ከፈለጋችሁ በሌላ ቀን ተሻገሩ።

ዛጎልና ኮራል ለቤት ጌጥ ይዘን መምጣት እንችላለን ወይ ያላችሁ ሦስት ናችሁ።

ተዉት። ጥብቅ ክልል ነው ብያለሁ። ባዶ የመሰላችሁ ዛጎል ውስጥ ሸርጣን ይኖራል፤ ካልኖረም ነገ ቤት ፈልጎ የሚመጣ አለ። ኮራል ድንጋይ ይምሰል እንጂ ሕይወት ያላቸው ፍጥረታት የሠሩት ነው፤ ለማደግ ረጅም ዓመት ይፈጅበታል። ፎቶ አንሱ። የውሃ ፕላስቲካችሁን ግን አንድም ሳትተዉ ይዛችሁ ተመለሱ።

ከሐረር የጻፉልኝ ባልና ሚስት መምህራን ናቸው። የመጨረሻው ቀን ጠዋት በኦክስጅን ጠልቀን፣ ከሰዓት በመኪና ብንነሣ ለሥራ እንደርሳለን ይላሉ።

በፍጹም እንዳታደርጉት። መጀመሪያ፣ ጀርባ ላይ የሚታዘለው ኦክስጅን ብቻ አይደለም፤ የታመቀ አየር ነው። አብዛኛው ናይትሮጅን ነው። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ያ ናይትሮጅን በደማችሁ ይሟሟል። የለስላሳ ጠርሙስ ባንዴ ሲከፈት አረፋው እንዴት ግንፍል እንደሚል ታውቃላችሁ። ከባሕር ወለል ተነሥታችሁ በአንድ ቀን ከፍታ ላይ ስትወጡ ደማችሁ ውስጥ እንደዚያ ሊሆን ይችላል። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ነው፣ ሐረር ወደ 1,900 ይጠጋል። ከጠለቃ በኋላ ቶሎ አውሮፕላን አትሳፈሩ የሚለው ማስጠንቀቂያ ከድሬ ወደ ሐረር ለሚያወጣው ለደንገጎ ዳገትም ይሠራል። ከአንድ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋገመ ቢያንስ 18 ሰዓት ጠብቁ የሚለው የተለመደ ምክር ነው። እኔ ሙሉ ቀን እላለሁ። ከመጥለቃችሁ በፊት አሠልጣኙን የምትሄዱበትን ከፍታ ነግራችሁ ጠይቁት። ከዚያ በኋላ መገጣጠሚያ ከቆረጠማችሁ፣ እጅ እግር ከደነዘዘ ወይም ራስ ከዞረ ተኝተን እንነሣለን አትበሉ። ሆስፒታል ሂዱ፣ ስትገቡም መጀመሪያ የምትሉት "ጠልቀን ነበር" ይሁን። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም።

የመጨረሻው የአንድ ጋሼ ደብዳቤ ነው። በእጅ የተጻፈ፣ በልጃቸው ስልክ ፎቶ ተነሥቶ የተላከልኝ። ምድር ባቡር ሠርተው ጡረታ የወጡ የድሬ ሰው ናቸው። በሥራ ዘመናቸው ጅቡቲ ስንቴ እንደወረዱ ቁጥሩን አያውቁትም። ባለቤታቸው ግን ባሕር አይተው አያውቁም። ጋሼ ደም ብዛት አለባቸው፣ ባለቤታቸው ስኳር። እንሂድ ወይስ አረጀን ይላሉ።

ይሂዱ ጋሼ። ግን መጀመሪያ ሁለታችሁም ሐኪማችሁ ዘንድ ግቡ። ይህ ግዴታ ነው፤ ሳይገቡ እንዳይነሡ። የደም ብዛት መድኃኒት አንዳንዱ ከሙቀት ጋር አይስማማም፣ ይጠይቁ። እትዬ ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ በሙቀት እንዳይበላሽ አያያዙን ይጠይቁ። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሊደነዝዝ ይችላል፤ የጋለ አሸዋ ቢያቃጥላቸው፣ ዛጎል ቢቆርጣቸው ላይሰማቸው ይችላል። ስለዚህ በባዶ እግር አንድም እርምጃ የለም፣ ውሃ ውስጥም ቢሆን። ማታ ማታ እግራቸውን እርስዎ ይዩላቸው። ጊዜው ጥር ይሁን፣ ያኔ ሙቀቱ ይቻላል። በሞቃቱ ወራት ያለው የጅቡቲ ወላፈን ለእናንተ አይሆንም፤ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ደሴት ይቅርባችሁ፤ ጀልባው ወገብ ይሰብራል። በአዲሱ ባቡር ውረዱ። ድሮ ይሠሩበት የነበረው ከዚራ ያለው ጣቢያ አይደለም፣ አዲሱ ከከተማ ወጣ ይላል፤ ልጅዎ ያድርሳችሁ። ጅቡቲ የየመኖቹን በምድጃ የተጠበሰ ዓሣ ከቂጣው ጋር ይብሉ። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ስትበርድ፣ ሁለት ወንበር ይለምኑና ውሃው ዳር ይቀመጡ። እትዬ መጀመሪያ ሲያዩት ምን እንዳሉ ይጻፉልኝ።